መጀመሪያ ፋይሉን ልየው

«ሊኑክስ ላስጭን ወይስ ዊንዶው ይሻለኛል?» የሚለውን ጥያቄ ድሮ ወደ ጥገና ቤታችን ይዘው የሚመጡት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ። አሁን የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ጡረታ የወጡ መምህራንም ይጠይቁኛል። መነሻው ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘው ኮምፒውተር ላይ ሁሉ አይጫንም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቂቱ ካልሆነ በቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን አይቀበልም። «ስላሽ» ተብለው ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች መካከል 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን የሆኑት ጥቂት አይደሉም። ኪቦርዳቸው ይሠራል፣ ስክሪናቸው ንጹሕ ነው፣ ባትሪያቸውም ቢሆን ትንሽ ያቆያል። ጤነኛ ዕቃ በአንድ ቀን «ጊዜው አልፎበታል» ሲባል ባለቤቱ ሌላ መንገድ መፈለጉ አይገርምም።

እኔም ጥያቄውን በጥያቄ ነው የምመልሰው፤ መጀመሪያ ፋይሉን ልየው እላለሁ። ዴስክቶፑን፣ ዳውንሎዱን፣ ስም ያልወጣላቸውን ፎልደሮች አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ሰው ስለ ሥራው ሲያወራ የሚዘነጋውን ፋይሉ አይዘነጋም። «ለኢንተርኔት ብቻ ነው የምጠቀምበት» ያለ ደንበኛ ኮምፒውተር ውስጥ የሒሳብ ፕሮግራሙ የፒችትሪ ባክአፕ ከተገኘ ወሬው እዚያው ላይ ይቀየራል። በዚህ ሙያ ስቆይ የተረዳሁት ሰውን ከዊንዶውስ ጋር ያሰረው ዊንዶውስ ራሱ እንዳልሆነ ነው። የሚያስረው የሚከፍተው ፋይል፣ ፋይሉን የሚከፍትለት ፕሮግራም፣ ፕሮግራሙ ሲበላሽ የሚደውልለት ሰው ነው። ሦስቱ ካልታዩ በቀር የትኛው ሲስተም እንደሚሻል መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ ሊኑክስ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ነፃ መሆኑ ነው። እውነት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 ገና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሊኑክስን እምብርት (ከርነሉን) ሲለቅ የጀመሩት ነገር ዛሬም ማንም ሰው ኮዱን እንዲያይ፣ እንዲያሻሽልና እንዲያከፋፍል የሚፈቅድ ነው። እኛ ዘንድ ግን ነፃነቱ እንደ ዋጋ ሲቀርብ ብዙም አያማልልም። ለዊንዶውስ ስንት ከፈልክ ቢባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፎርማት ለማስደረግ የከፈለውን ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስም ለኪስ ነፃ ነው። ስለዚህ እዚህ ሊኑክስ የሚወዳደረው ገንዘብ ተከፍሎበት ከተገዛ ዊንዶውስ ጋር ሳይሆን ከዚህኛው ጋር ነው፤ ንጽጽሩም በዚያው ልክ መሠራት አለበት።

ክራኩ ዋጋ የሚያስከፍለው በሌላ በኩል ነው። አክቲቬት የሚያደርገው ፕሮግራም ገና ሲጀመር «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ ባለቤቱም ያጠፋል። ፕሮግራሙን ማን እንደሠራው፣ ከመጣበት ፍላሽ ላይ ስንት እጅ እንደነካው የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ነገር በሙሉ ሥልጣን ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ የፈለገውን ይቀይራል። ባለቤቱ በዚያው ኮምፒውተር የባንክ ሒሳቡን ይከፍታል፣ የደንበኞቹን መታወቂያ ስካን ያደርጋል። ለእኔ ለሊኑክስ የሚቀርበው ጠንካራው መከራከሪያ እዚህ ላይ ነው፤ ከሚታወቅ ቦታ የወረደ፣ ምንም ማጥፋት የማያስፈልገው፣ ማሻሻያውም በየጊዜው የሚደርስ ሲስተም ማግኘት።

እኛ ጥገና ቤት ሊኑክስ ከመሣሪያዎቻችን አንዱ ነው። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን የያዘ ፍላሽ ይዛ መጣች። ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ እያንዳንዱ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው፣ ሲነኩትም ስህተት ይላል። ፋይሉ የጠፋ መስሏት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፍላሹን በሊኑክስ በተነሣ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፎልደሮቹ በየስማቸው፣ እንደነበሩ ታዩ፤ ከጎናቸው ሾርትከቶቹና ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ አንድ ትንሽ የስክሪፕት ፋይል አሉ። ቫይረሱ ያደረገው ፎልደሮቹን መደበቅ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ያንን የመደበቂያ ምልክት አክብሮ አያሳያቸውም፤ ሊኑክስ ደግሞ ምልክቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስክሪፕቱም የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ ሊሠራ አይችልም። ፋይሎቿን ኮፒ አድርጌ ሌላውን ሰረዝኩት።

«እንግዲያው ይሄንኑ ጫንልኝ» አለች።

ፋይሏን አየሁት። ጽሑፉ በወርድ የተሠራ ነው፤ አማካሪዋ በየገጹ ጠርዝ አስተያየት እየጻፈ ይመልስላታል፤ ማውጫው፣ የሠንጠረዡ ቁጥር፣ የገጹ አሰላለፍ ሁሉ ወርድ ላይ የተገነባ ነው። በሊኑክስ ላይ በወርድ ፋንታ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ ይህን ፋይል ይከፍታል፣ እርማቱንም ያሳያል። ነገር ግን ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ፋይል ሲቀባበሉ ሠንጠረዥ ሊንሸራተት፣ የገጽ ቁጥር ሊዛባ ይችላል፤ ማስረከቢያው ደግሞ ደርሷል። «አሁን አይሆንም እህቴ፣ ከተመረቅሽ በኋላ ነይ» አልኳት። ደግሞም ቫይረስ አይነካሽም ብዬ ልሸኛት አልፈለግሁም። የሊኑክስ ተጠቃሚም ቢሆን የይለፍ ቃሉን በሐሰተኛ ገጽ ላይ ከጻፈ ይዘረፋል።

የአማርኛ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። አንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ የቤት ኪራይ ውል፣ ውክልና፣ አቤቱታ፣ የዕድር ደንብ፣ የዓመታት ሥራ ተከማችቶ ይገኛል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙው በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። እነዚያ ፎንቶች የተሠሩበት ዘዴ ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች በተመደበው ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ማስቀመጥ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ «አከራይ እና ተከራይ» የሚለው ርዕስ የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0ኛው እትም ነው። ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በስልክም ያው አማርኛ ነው።

የድሮውን ፎንት ሊኑክስ ላይ ማስገባት ቀላል ነው፤ የፎንት ፋይሉን ከፍቶ መጫን ይበቃል፣ ውሉም ተመልሶ ይነበባል። ችግሩ የሚመጣው የተከራዩን ስም ለመቀየር ሲሞከር ነው። የድሮውን አጻጻፍ የሚያውቀው የኪቦርድ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። በሊኑክሱ ኪቦርድ የሚጻፈው ዩኒኮድ ስለሆነ አዲሱ ስም በሌላ ፎንት ይገባል፤ አንድ መስመር ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ይታያል፣ ወፍራምና ቀጭን፣ ከፍና ዝቅ ያለ። ፋይሉ ውስጥ ስም ቢፈለግም ፍለጋው አዲሱን እንጂ የድሮውን አያገኝም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን የውል ሰነድ ስለሆነ የተቀየረውን ቃል በቃል የሚያመሳክር ሰው የግድ ነው።

ለአዲስ ጽሑፍ ከሆነ ሊኑክስ አማርኛን አያሳፍርም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች ናቸው። ኪቦርዱም ድምፅን ተከትሎ ነው የሚሠራው፤ ኤስ እና ኢ ሲጫኑ «ሰ»፣ ኤል እና ኤ ሲጫኑ «ላ» ይወጣል። ይሁንና «ሠ»ን፣ «ኀ»ን፣ «ፀ»ን ለማውጣት የሚነካው ቁልፍ ጸሐፊዋ ከለመደችው ይለያል። ቀኑን ሙሉ ሳታይ የምትጽፍ ሰው ጣቶቿ እስኪለምዱ ፍጥነቷ ይቀንሳል፤ በገጽ የሚከፈላት ከሆነ ደግሞ የዚያ ቀን ገቢዋ ነው የሚቀንሰው።

ይህን ሁሉ ለአንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት ሳስረዳ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ይሄን ያህል ጥሩ ከሆነ ሰዉ ሁሉ ለምን አይጠቀምበትም?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሰው የሚጠቀመው ጎረቤቱ የሚያውቀውን ነው» አልኳቸው።

ማቃለሌ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት ፕሪንተሩ እምቢ ሲል የሚጠራው የወንድም ልጅ፣ ከጎን ያለው ሱቅ፣ መርካቶ ያለው ባለሙያ፣ ሁሉም የሚያውቁት ዊንዶውስን ነው። ፕሮግራምም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይተላለፋል። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው በአብዛኛው ከኢንተርኔት ማከማቻው ነው፤ አሠራሩ ጥሩና ንጹሕ ነው፣ ነገር ግን በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ወጪ አለው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚል ደንበኛ ሞኝ አይደለም፤ ሲበላሽ ማን እንደሚደርስለት አስቦ ነው።

ሌሎቹ ሙያዎች ብዙ አያከራክሩም። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ፣ በአውቶካድ ፕላን የሚያወጣ፣ በፎቶሾፕ የሠርግ ፎቶ የሚያስተካክል ሰው ሥራው ካልተቀየረ ዊንዶውስ ላይ ቢቆይ ይሻለዋል። ፕሮግራሞቹ ለሊኑክስ አልተሠሩም፤ በዘዴ ቢነሡ እንኳ ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን የሚያስተማምኑ አይደሉም። በተቃራኒው ኢሜይል የሚያይ፣ ዜና የሚያነብ፣ በቴሌግራም የሚያወራ፣ ትዝታውን በዩኒኮድ የሚጽፍ ጡረተኛ መምህር ልዩነቱን ብዙም አያስተውለውም። ለእንዲህ ያለው ሰው ሊኑክስ ሚንትን ያለ ሐሳብ እጭንለታለሁ። 2 ጊጋባይት ራም ላይ ይነሣል፣ 4 ካለው ይመቸዋል፣ ስታርት ሜኑውም የለመደበት ቦታ ላይ ነው። «ኮምፒውተሬ ሀንግ ያደርጋል» ብሎ ለመጣ ግን ሲስተሙን ከመንካቴ በፊት ሃርድ ዲስኩን አያለሁ። የሚሽከረከረው ዲስክ በኤስኤስዲ ሲተካ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

ዕቃው ራሱ የሚናገረውም አለ። ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱም ሚንትም ሳይጫኑ ከፍላሽ ላይ ተነሥተው ይሠራሉ። ደንበኛው አጠገቤ ተቀምጦ ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መውጣቱን፣ ካሜራው መታየቱን፣ ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት መንቃቱን ራሱ ያያል። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ ስልክ በኬብል ይሰካና በዚያ በኩል ይወርዳል። ፕሪንተሩንም ይዞ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ኤችፒ ለአብዛኞቹ ፕሪንተሮቹ የሊኑክስ ድራይቨር ያቀርባል፤ ከርካሽ ሌዘሮች መካከል ግን አንድ ቀን ሙሉ የሚያስለፉ አሉ። ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን ለሚፈልግ ደግሞ በዊንዶውስ በኩል «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለውን ማጥፋት አይረሳም፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ክፍሉን ዘግቶት ስለሚሄድ ሊኑክስ ፋይሉን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም።

ይህ የፋይልና የፕሮግራም ነገር የትንሽ ሱቅ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ሁለት የአውሮፓ ተቋማት ያሳያሉ። የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሄድ ወሰነ፤ በ2013 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ተቀይረው ነበር። ከባዱ ሥራ ሲስተሙን መጫኑ አልነበረም። በየመሥሪያ ቤቱ የተከማቹት የደብዳቤ ናሙናዎችና በወርድ የተሠሩ ቅጾች ነበሩ፤ ለእነሱ ሲባል ዎልሙክስ የሚባል ፕሮግራም እስከ መሥራት ተደርሷል። በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ፤ ፖለቲካም፣ የአደረጃጀት ጣጣም፣ የሰነድ መለዋወጥ ችግርም ተጨምሮበት። ዣንዳርመሪ የሚባለው የፈረንሳይ ፖሊስ ኃይል ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዊንዶውስን ሳይነካ ኦፕንኦፊስ የሚባለውን የቢሮ ፕሮግራም አስገባ፤ ቀጥሎ ፋየርፎክስንና ተንደርበርድን፤ ወደ ኡቡንቱ መሸጋገር የጀመረው በ2008 ነው። ያኔ ፖሊሶቹ የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ለምደዋቸው ስለነበር ሲስተሙ ከሥር ሲለወጥ የጠፋባቸው ነገር ጥቂት ነው። ሙኒክ ተመለሰች፤ ዣንዳርመሪው እስከ ዛሬ በዚያው ላይ ነው።

እኔም የምመክረው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። ዊንዶውሱ ባለበት ይቆይ፤ ሊብሬኦፊስ ይጫንበት፣ ፋየርፎክስ ይጫንበት፣ ሥራው ለጥቂት ወራት በእነሱ ይሠራ። የሚጎድል ነገር ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ የሚያስከፍለውም ተመልሶ ወርድን መክፈት ብቻ ነው። ምንም ካልጎደለ ሲስተሙን መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ይሆናል። ከጎደለም የጎደለው በስሙ ታውቋል፤ «ሊኑክስ አይመችም» ከሚል ጭፍን ፍርድ ወጥቶ «ይቺ ፕሮግራም አስሮኛለች» ወደሚል እውቀት መድረስ ራሱን የቻለ ትርፍ ነው።

ለጽሕፈት ቤቷ ባለቤት ያልኳቸውም ይኸው ነው። ኮምፒውተራቸው አሁንም በዊንዶውስ ይሠራል፤ የድሮዎቹ ውሎች በቦታቸው አሉ፣ ባክአፕም በውጭ ሃርድ ዲስክ ተይዟል። አዲስ የሚመጣ ደንበኛ ውል ግን በዩኒኮድ ብቻ ይጻፋል። ሊኑክስ መግባት አለመግባቱን ያ ኮምፒውተር የሚሞት ዕለት ቢወስኑት ይደርሳል። በየትኛው ፎንት እንደሚጻፍ መወሰን ግን ዛሬ ጠዋት የገባው ደንበኛ ወንበር ሳይዝ በፊት ነው፤ በድሮው ፎንት የሚጨመር እያንዳንዱ ገጽ ነገ የሚመሳከር ሥራ ነውና።