መካሪው ከሄደ በኋላ

ከወጣት ወንዶች ጋር የሚሠራ መካሪ ደጋግሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ለመሆኑ ምን ትሏቸዋላችሁ?» የሚል ነው። ጠያቂው ለወጣቱ የጎደለው ምክር ይመስለዋል። በአገራችን ግን ምክር ተርቦ ያደገ ልጅ ማግኘት ይቸግራል። አባት ይመክራል፣ የነፍስ አባት ይመክራል፣ መምህር ይመክራል፤ ሥራ አጥቶ ሰፈር የዋለውንማ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይመክረዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ሆኜ የደረስኩበት እምነት ከዚህ ይለያል። መካሪ የሚመዘነው በንግግሩ ሳይሆን፣ እሱ ዞር ሲል ወጣቱ ከማን ጋር እንደሚቀር አስቀድሞ በማሰናዳቱ ነው። አንድ ጎረምሳ የሆዱን አውጥቶ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። ተናግሮ ሲያበቃ የሰማው ሰው ጥሎት ቢሄድ ግን ካለመናገሩ የባሰ ይጎዳዋል።

ለዚህ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅና ሶመርቪል በተባሉ አጎራባች ከተሞች፣ ሐኪሙ ሪቻርድ ካቦት ባፈለቀው ሐሳብ 506 ወንዶች ልጆች ተመርጠው ለግማሾቹ አማካሪ ተመደበላቸው። አማካሪዎቹ ቤት ድረስ እየሄዱ ይጠይቁ፣ በትምህርት ያግዙ፣ ወደ ሐኪም ይወስዱ ነበር። ድጋፉም በአማካይ አምስት ዓመት ያህል ቆየ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ሰዎቹን አፈላልጋ ስትጠይቅ፣ ብዙዎቹ አማካሪያቸውን በፍቅር ያስታውሱ ነበር። መዝገቡ ግን የተናገረው ሌላ ነው። የታገዙት በመጠጥ፣ በአእምሮ ሕመምና በዕድሜ ማጠር ካልታገዙት ብሰው ተገኙ፤ ረዘም ላለ ጊዜ የታገዙትም ቢሆኑ ከጉዳቱ አላመለጡም። ማኮርድ ካቀረበቻቸው ማብራሪያዎች አንዱ ልጆቹ ከውጭ በመጣ ሰው መደገፍን ለምደው፣ ድጋፉ ሲቋረጥ የሚይዙት ነገር ማጣታቸው ነው። በሌላ በኩል ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀ መካሪነት ወጣቶችን ሲጠቅም ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የተቋረጠው ደግሞ ለራሳቸው ያላቸውን ግምት ዝቅ እንዳደረገ አሳይተዋል። ሁለቱ ጥናቶች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ሲሉ እሰማለሁ፤ ቶሎ መሄድ ይጎዳል፣ ብቻህን መደገፊያ ሆነህ መቆየትም ይጎዳል።

እዚህ ላይ ወንድ ልጅ ማውራት አይወድም፣ «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ያደገውን ጎረምሳ በምን ታናግሩታላችሁ የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ይሰማሃል?» ሲሉት የሚዘጋ ልጅ፣ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ራሱ ይጀምራል። በቺካጎ ትምህርት ቤቶች የሚካሄደው «ቢካሚንግ ኤ ማን» የተባለው ፕሮግራም ይህን በሚገባ ተጠቅሞበታል። ወጣቶቹ ሁለት ሁለት ይሆኑና አንዱ ኳስ በጡጫው ይይዛል፤ ሌላው በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ እንዲወስድ ይነገረዋል። ሁሉም ለማለት ይቻላል በጉልበት ይታገላል። ኳሱን ስጠኝ ብሎ የጠየቀ ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ነው ወሬው የሚከፈተው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ፕሮግራሙ በቆየበት ጊዜ በዓመፅ ወንጀል መያዝ ከ45 እስከ 50 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ግን በመታሰር ላይ የታየው ለውጥ አብሮ ደበዘዘ። ስለ ፕሮግራሙ ሲወራ ይህ ሁለተኛው ግኝት መዘለሉ ያሳዝነኛል፤ ለእኛ ሥራ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነውና።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ወጣቱ የሚፈልገው ሥራ እንጂ መካሪ አይደለም የሚለው ነው። ሥራ ማጣት ነፍስን እንደሚጎዳ አልክድም። ሆኖም በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ፣ በስርቆትና በጠብ ሕይወት ውስጥ የነበሩ 999 ወጣት ወንዶችን ያሳተፈው ጥናት ነገሩን ለያይቶ አሳይቷል። አንዳንዶቹ የስምንት ሳምንት የቡድን ሥልጠና አገኙ፣ አንዳንዶቹ 200 ዶላር፣ ሌሎቹ ሁለቱንም፣ የቀሩት ምንም። አሠልጣኞቹ ራሳቸው ከዚያ ዓይነት ሕይወት የወጡ የከተማው ሰዎች ነበሩ። ልምምዱም ፀጉር ተቆርጦ፣ ንጹሕ ለብሶ፣ ባንክና ሱቅ ገብቶ እንደማንኛውም ሰው መስተናገድን ይጨምር ነበር። ገንዘቡ ብቻውን ዘላቂ ለውጥ አላመጣም፤ ሥልጠናው ብቻውንም በዓመቱ ደከመ። ሁለቱን ያገኙት ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ከስርቆትና ከጠብ በግማሽ ያህል ርቀው ተገኙ። ብሩ ጥቂት ወራት ሌላ ሰው ሆኖ ለመኖር ጊዜ ሰጣቸው፤ ጎረቤትም እንደዚያው ለመዳቸው ብዬ አነበዋለሁ። ዳንኤል ሜይንስ ስለ ጅማ ሥራ አጥ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው መጽሐፍም የወጣቶቹ ጭንቀት ከደመወዝ የሰፋ ነው። ማለቂያ የሌለው ቀን፣ ዝቅ ያለ ሥራ ሲሠሩ የሚያያቸው የሰፈር ዓይን፣ ለቤተሰብ የሚተርፍ ሰው አለመሆን አብረው አሉበት። ሥራም ቢሆን ሰው እንዴት ያየኛል ከሚለው ተለይቶ አይኖርም።

እንግዲያው ሰፈሩ ራሱ የሕመሙ ምንጭ ከሆነ እንዴት መድኃኒት ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለኝም። ሐሜት የሚፈራ ወጣት ትክክል ነው፤ አንድ ጊዜ ያለቀሰ ወንድ ስም ይወጣለታል። ስለዚህ የሥራችን ጥበብ ሁለት ነገሮችን ሳያደባልቁ መያዝ ነው። ምስጢሩ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው አይዘልም። ወጣቱ ራሱ ግን ለብዙዎች በአደራ ይሰጣል። ሰፈሩ የወጣቱን ጭንቀት ማወቅ አያስፈልገውም፤ ወጣቱ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ነው ያለበት። ጭንቀቱ ከመካሪ አቅም በላይ ሲሆን፣ በተለይም ስለ ሞት ማውራት ሲጀምር፣ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ የመካሪው ድርሻ ሳይውል ሳያድር አብሮት ሆስፒታል መሄድ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ መሰጠት እኛ ዘንድ ካሉት ማኅበራት እድርን የሚያህል አላውቅም። ለመካሪ የሚከፍለው በጀት ይዘጋል፤ እድር ግን በቀላሉ አይዘጋም። እድር የሙታንና የሽማግሌዎች ነው የሚል ሰው፣ በኤችአይቪ ወረርሽኝ ዘመን በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመሙትን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት መጀመራቸውን ያስታውስ። ድንኳን መትከሉ፣ ወንበር ማመላለሱ፣ ውሃ መቅዳቱ የጉልበት ሥራ ነው፤ ጎን ለጎን ሆነው የሚያወሩበትም ነው። ከሁሉ በላይ እድር የቀረውን ሰው ስሙን ጠርቶ ይፈልገዋል፣ ይጠይቀዋል፣ ይቀጣዋል። ቀኑን ሙሉ ፑል ቤት ቢውል ወይም ከቤት ባይወጣ ማንም ለማይፈልገው ወጣት፣ ቀርተሃል ተብሎ መቀጣት ክብር ነው። እንቅፋቱ አባልነቱ በአብዛኛው የአባወራ መሆኑ ነው፤ በአባቱ ቤት የሚኖር የሃያ አምስት ዓመት ወንድ በመዝገቡ ላይ የለም። ስለዚህ መካሪው ከወጣቱ ጋር ሥራ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ገና ምንም ሳይነገር፣ የእድሩን ዳኛ ቢያነጋግር ይሻላል። የሚጠይቀውም ወጣቱ በአባቱ ሳይሆን በራሱ ስም እንዲመዘገብ፣ ወርሃዊ መዋጮው እንደ አቅሙ እንዲሆንና የድንኳኑ ሥራ ሲደርስ ተራ እንዲሰጠው ነው።