ግብር በላን፣ ግብር ከፈልን

ሜኑ ሁለት ዓምድ ያለው ድርሰት ነው። በግራ የምግቡ ስም፣ በቀኝ ዋጋው። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት አንድን ጽሑፍ ከቀኝ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ደህና ሆቴል ውስጥ ገጠመኝ።

አራት የድሮ ጓደኛሞች ነን። አንዱ ኮንትራክተር ነው፤ አንዱ ነጋዴ ነው፤ አንዱ ዛሬም ጠመኔ ያልጣለ መምህር ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። "ዘና እንበል" ተባብለን ገባን። ማን እንደሚጋብዝ ግን አልተነገረም። አስተናጋጇ ሜኑውን ስትሰጠው የመምህሩ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ከዚያ ሜኑውን አጠፈና፣

"ለእኔ ሻይ ብቻ፤ ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል" አለ።

"እንዴ አንተ፣ ይሄን ብርድ በሻይ ልትገፋው ነው?" አለው ነጋዴው።

ያንን ጨጓራ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ድንጋይ ይፈጫል።

ሜኑው በእንግሊዝኛ ነው። የመንዝ በግ እዚያ "ላምብ ቾፕ" ይባላል። ፊሽ ጉላሽ አለ፤ ገብስ ግን የለም። በገብስ አገር! በሶ የለ፣ ጠላ የለ። ጥብሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር፤ ብርዱ ስቡን ሳያረጋው ቶሎ ቶሎ መብላት ነው እንጂ።

ከዚያ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አንኮበር አለ። ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ከመዛወራቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት ግብር ያበሉበት አገር ነው። ናፍቆት የያዘኝ እንዳይመስላችሁ። ግብሩ የእኩልነት ማዕድ አልነበረም፦ ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ፣ መኳንንቱ ቀድመው፣ ሠራዊቱ በየተራው። ማሩንና ሙክቱን ያመጣው ገባር ነው። ቋንቋችንም ጉዱን አልደበቀም፤ ገባሩ የሚከፍለውም ግብር፣ መኳንንቱ የሚበሉትም ግብር። ነገር ግን አዳራሹ ከገቡ ወዲያ ዋጋ የሚያነብ ሰው አልነበረም። ተጋብዞ ጦሙን የሚወጣ ሰው ካለ ነውሩ የጋባዡ ነው።

እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ከከፈቱ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። እኛ ግን ዛሬም ሆቴል ገብተን የምንቀመጠው እንደ ግብር አዳራሽ ነው። ማን ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ያሳፍረናል። ኀፍረቱን ታዲያ ኪሱ የሳሳው ሰው ብቻውን ይሸከመዋል።

ሒሳቡ መጣ። ከታች 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሮበታል፤ ግብር በልተን ግብር ከፈልን ማለት ነው። ኮንትራክተሩና ነጋዴው ደረሰኙን ይናጠቁ ጀመር። "እኔ ነኝ የምከፍል!" "ሞቼ እገኛለሁ!" አስተናጋጇ ትስቃለች። መምህሩ እጁን ኪሱ ከትቶ የሻይ ብርጭቆውን ያያል። ያ ትግል ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ በር ላይ ቢሆን ኖሮ ጓደኛችን እራቱን በበላ።

እኔስ? "ዛሬ በእኔ ነው" ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። አላልኩም። እኔም ቀኙን ዓምድ አንብቤ ነበር።

ወጣን። ኮንትራክተሩ የመኪናውን በር ከፍቶ "ግባ እንጂ" አለው።

"እናንተ ሂዱ፤ ቤቴ ቅርብ ነው" አለና ጋቢውን ተከናንቦ በእግሩ ሄደ። ቤቱ ቅርብ አይደለም።