ሁለቱም ቤቶች ይጸልያሉ

በወጣቶች የንባብ ቡድናችን የናይጄሪያዊቷን ደራሲ የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼን «ፐርፕል ሂቢስከስ» አንብበን ስንወያይ አንዲት እህት፣ «ይህ መጽሐፍ ክርስቲያኖችን የሚያጥላላ አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ እሞክራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝኛ የታተመውን ይህን ልብ ወለድ የምትተርክልን የ15 ዓመቷ ካምቢሊ ናት። አባቷ ዩጂን በኤኑጉ ከተማ የታወቀ ባለ ፋብሪካና አጥባቂ ካቶሊክ ነው። ለድሆች ይለግሳል፤ ወታደራዊውን መንግሥት በድፍረት የሚተች ጋዜጣ ያሳትማል። ካህኑም በስብከታቸው መካከል ስሙን ጠርተው ያመሰግኑታል። ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድባል። ካምቢሊ ሆዷን አሟት መድኃኒት ለመዋጥ ስትል ከቅዳሴ በፊት እህል ብትቀምስ፣ እርሷን ብቻ ሳይሆን እናቷንና ወንድሟን ጃጃንም በቀበቶ ይገርፋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ዩጂንን አስመሳይ አለማድረጉ ነው። ሰውየው የሚያደርገውን ያምንበታል። የልጁን እግር በፈላ ውኃ ሲያቃጥል እንኳ ያለቅሳል። በተማሪነቱ አንድ ካህን እንዲሁ አድርገው ቀጥተውታል፤ የተማረውን ነው የሚያስተምረው። አስመሳይ ቢሆን ኖሮ ጠልተነው መጽሐፉን እንዘጋ ነበር። ቅን መሆኑ ግን ወደ ራሳችን እንድንመለከት ያስገድደናል።

ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ። ልጆቹ ንሱካ ወደምትኖረው አክስታቸው ኢፌኦማ ይሄዳሉ። ኢፌኦማ ባሏ የሞተባት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ቤቷ ጠባብ፣ ምግቡም የሚበቃ አይደለም። እዚያም ይጸለያል፤ እዚያም መዝሙር አለ። ልዩነቱ እዚያ ልጆች ይስቃሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ። እንግዲህ ደራሲዋ ያነጻጸረችው የሚያምንን ቤት ከማያምን ቤት ጋር አይደለም። ሁለቱም ይጸልያሉ፤ አንደኛው ግን በፍርሃት ይገዛል። ጳውሎስ በኤፌሶን 6 ልጆችን እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ወደ አባቶች የሚዞረው በከንቱ አይደለም።

ጉድለት የለውም አልልም። የካምቢሊ ልብ ወደ ወጣቱ ካህን ወደ አባ አማዲ ማዘንበሉ ከሚገባው በላይ ለስልሶ ቀርቧል፤ የቡድን መሪዎች ተዘጋጅታችሁ ግቡ። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ነገር ግን ከተጠቂዎቹ አንዱ የሚፈጽመውን ድርጊት ትክክል ነው ለማለት አልችልም። ወደዚያ ያደረሰው የሁሉም ዝምታ መሆኑን ግን መካድ አልችልም።

እኛም «ገመና» የምንለው ነገር አለን። የቤት ጉዳት ለውጭ ሰው አይነገርም እንላለን። እኔ ራሴ የሚሰጡ ወንድሞችን በጉባኤ ፊት ስንት ጊዜ አመስግኛለሁ፤ ልጆቻቸው ለምን አንገታቸውን እንደሚደፉ ግን ጠይቄ አላውቅም። ይህን መጽሐፍ ከዘጋሁ በኋላ ያፈርኩት በዚህ ነው።

ከእናንተ መካከል በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ካለ፣ ለሚያምነው ታላቅ ሰው ይንገር፤ ይህ አባትን ማዋረድ አይደለም። እኛ አስተማሪዎች ደግሞ «ታገሥ፣ ጸልይ» ብለን ብቻ አንሸኘው።