የሽፍታው ነፃነት ዋጋ፦ በ«ሆንኪ ቶንክ ሂሮስ» አልበም ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

የዘፈን ግጥም በሥነ ጽሑፍ ሂስ ሊመረመር ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ አሁንም አልፎ አልፎ ይነሣል። በእኔ እምነት ግጥም ዜማ ስለተጨመረበት ግጥምነቱን አያጣም። በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው፣ የቴክሳስ ተወላጁ ድምፃዊ ዌይለን ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣውን «ሆንኪ ቶንክ ሂሮስ» የተሰኘ የካንትሪ አልበም ነው። ሆንኪ ቶንክ እየተጠጣ የሚዘፈንበትና የሚደነስበት ተራ መጠጥ ቤት ነው። ከአሥሩ ዘፈኖች የዘጠኙ ግጥም የቢሊ ጆ ሼቨር ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱን ከድምፃዊው ጋር በጋራ ጽፎታል። ስለሆነም አልበሙን እንደ አንድ ገጣሚ መድበል ማንበብ ይቻላል።

አልበሙ የሚመደብበት ዘርፍ «አውትሎው» ይባላል። እኔም በመጀመሪያ ቃሉን «ሽፍታ» ብዬ ተርጉሜው ነበር፤ ትርጉሙ ግን አሳሳተኝ። በእኛ ዘንድ ሽፍታ ሲባል በደል ደርሶበት ጫካ የገባ፣ በፉከራና በቀረርቶ ጀግንነቱን የሚናገር ሰው በዓይነ ልቡናችን ይመጣል። ጄኒንግስ የሸፈተው ግን በናሽቪል የቀረጻ ልማድ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ዘፈን የሚመርጡትም ሆኑ አጃቢ የሚመድቡት በአብዛኛው የኩባንያ አዘጋጆች ነበሩ። እርሱ በ1972 ከአር.ሲ.ኤ. ጋር ውሉን አድሶ በሥራው ላይ የመወሰን መብት አገኘ።

ጉዳዩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልበሙ የንግድ ታሪክ እንጂ የሂስ ርእስ ባልሆነ ነበር። የእኔ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የግጥሞቹ «እኔ» በነፃነቱ አይፎክርም፤ ዋጋውን ይቆጥራል።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ «ሎው ዳውን ፍሪደም» የተሰኘው ዘፈን ነው። ተራኪው ነፃነትን በሰውኛ ዘይቤ ፊት ለፊት እያናገረ፣ ላጣው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ያደርጋታል። በ«ኦልድ ፋይቭ ኤንድ ዳይመርስ» ደግሞ ራሱን የሚመስለው በአምስትና በአሥር ሳንቲም ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ምኞቱ ትልቅ፣ ዋጋው ግን ርካሽ። «ብላክ ሮዝ» ላይም ጥፋቱን ሁሉ በሰይጣን አያላክክም፤ የራሱን ድርሻ ይቀበላል። የመደምደሚያ ፍንጩን የምናገኘው ከአልበሙ ርእስ ነው። ርእሱ ጀግኖች ይላቸዋል፤ ግጥሙ የሚያሳየን ግን ተሸናፊዎችንና ሰካራሞችን ነው። ይህ ምጸት ነው፤ ሆኖም ፍቅር ያለበት ምጸት ነው።

ቅርጹም ይዘቱን ያግዛል። የርእሱ ዘፈን ቀስ ብሎ፣ በትካዜ ይጀምርና መሐል ላይ ምቱ ድንገት ይፈጥናል። አድማጩ ቃላቱ ኪሳራ እየነገሩት እግሩ ግን መደነስ ያምረዋል። ግጥሙን በወረቀት ላይ ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ተቃርኖ አያገኘውም። የጄኒንግስ ወፍራምና ያልተኳለ ድምፅም የሼቨርን «እኔ» የራሱ አድርጎ ይቀበለዋል። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም አዝማሪው ለሰጪው መልሶ ሲያዜም፣ የቃሉ ባለቤት ማን እንደሆነ ለጊዜው እንደሚዘነጋ ሁሉ፣ እዚህም ገጣሚውንና ዘፋኙን መለየት ያስቸግራል።

ጉድለት የለውም አልልም። ተራኪው ትቷቸው የሚሄዳቸው ሴቶች አንዲት ቃል እንኳ አይተነፍሱም። የነፃነቱን ዋጋ እርሱ ይቆጥራል፤ ከከፋዮቹ መካከል ግን እነርሱም አሉ። የዶኒ ፍሪትስና የትሮይ ሲልስ ድርሰት የሆነው አሥረኛው ዘፈን «ዊ ሃድ ኢት ኦል» ደግሞ ውብ ቢሆንም ከመድበሉ ጋር አይገጥምም። የሼቨር ተራኪ ሁሉን በእጁ ይዞ የነበረበት ዘመን የለምና።

እ.ኤ.አ. በ1976 «ዋንትድ! ዚ አውትሎውስ» የተባለው የጄኒንግስና የባልደረቦቹ ስብስብ ከካንትሪ አልበሞች የመጀመሪያው የፕላቲነም ሽልማት ባለቤት ሆነ። ሽፍትነት የሸቀጥ ምልክት ሆነ ማለት ነው። ይህ ከመሆኑ ሦስት ዓመት በፊት ግን ሼቨርና ጄኒንግስ ሸማች የማይወደውን እውነት ተናግረው ነበር፦ መንገድ የሚሄድ ሰው ከኋላው የሚተወው ቤት አለው። ተማሪዎቻችን የ«እኔ» ባይ ግጥምን ተራኪ ከደራሲው ለይተው ማንበብን ሲለማመዱ፣ ይህን አልበም እንዲያደምጡት እመክራለሁ።