የፒያኖ የወረቀት ጥቅልና ዲጂታል ቅጂው

ከ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ እስከ 1930 ገደማ ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአሜሪካና በአውሮፓ በብዙ ቤቶች ውስጥ ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ይገኝ ነበር። የዚህ መሣሪያ ዜማ የተመዘገበው በቀለም ሳይሆን በቀዳዳ ነው። የተበሳሳው ረጅም ወረቀት ከጥቅሉ እየተተረተረ በመኪናው ላይ ሲያልፍ፥ በየቀዳዳው የሚገባው አየር ትንንሽ ወናፎችን ያንቀሳቅሳል፤ ወናፎቹም መዶሻውን ወደ ሽቦው ይሰድዱታል።

ዛሬ ወረቀቱ በእርጅና እየተሰባበረ በመሄዱ፥ ጥቅሎቹን ወደ ዲጂታል የሙዚቃ ፋይል፥ በተለይም በ1983 ወደ ወጣው ሚዲ ወደ ተባለው ሥርዓት መለወጥ ተስፋፍቷል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ፋይሉ ከተሠራ ጥቅሉ ድኗል የሚለው እምነት ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም።

የሚዲ ፋይል የትኛው ቁልፍ፥ መቼ፥ ለምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ኀይል እንደ ተመታ በቍጥር ይናገራል። ከነዚህ ውስጥ በወረቀቱ ላይ በግልጽ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ጊዜው በወረቀቱ ፍጥነት ይወሰናል። በጥቅሉ ላይ 70 የሚል ምልክት ቢገኝ፥ ወረቀቱ በደቂቃ 7 ጫማ እንዲሄድ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚጠቀለልበት ዘንግ እየወፈረ ሲሄድ ፍጥነቱም ስለሚጨምር፥ ሁሉን በአንድ ፍጥነት ያሰላ ሰው የዜማውን መጨረሻ በመሣሪያው ላይ ይሰማ ከነበረው ይልቅ ያዘገየዋል።

የኀይሉ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በተራው ጥቅል ላይ የድምፁን መጕላትና መለስለስ የሚወስነው መርገጫውን የሚረግጠውና መቈጣጠሪያውን የሚይዘው ሰው ነበር። ስለዚህ ሁሉን ድምፅ በእኩል ኀይል የሚያሰማ ፋይል በማንም ቤት ያልተሰማ ጨዋታ ነው፤ ሰሚውም የዚያን ዘመን ሙዚቃ ስሜት የሌለው ነበር ብሎ እንዲፈርድ ያሳስተዋል። በ1904 በፍራይቡርግ የወጣው ቬልተ ሚኞን ኀይልንም በተለዩ ቀዳዳዎች ይመዘግብ ነበር፤ ጉስታቭ ማህለር በ1905 የተጫወተው ለዚሁ ነው። ነገር ግን እነዚያን ቀዳዳዎች ወደ ቍጥር ለመመለስ የመሣሪያውን ወናፍና የአየር ግፊት ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ለማህለር ጣት የተሰጠው ቍጥር የፋይል ሠሪው ግምት ነው።

ስኮት ጆፕሊን በ1916 «ሜፕል ሊፍ ራግ»ን ለጥቅል ተጫወተ፤ በሚያዝያ 1917ም በሕመም ሞተ። በስሙ ከቀሩት ጥቅሎች በአንዱ የሚሰማው የምት መዛነፍ የታመመ እጅ ነውን፥ ወይስ የወረቀት በሺው ስሕተት? ፋብሪካዎች ከጨዋታው በኋላ ቀዳዳ ያርሙና ይጨምሩ ስለ ነበር፥ ጥያቄው ያለ ወረቀቱ አይመረመርም። ምቱን ለጆሮ እንዲስማማ አስተካክሎ ፋይል የሚሠራ ሰው ምስክሩን ከችሎት ያስወጣዋል።

የብራና መጻሕፍትን ለሚያጠና ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፥ የተነሣው ገጹ ሁሉ ነው እንጂ ንባቡ ብቻ አልተገለበጠም፤ ስለዚህም የተፋቀው፥ በኅዳጉ የተጨመረውና በሌላ እጅ የተጻፈው ሁሉ ለተመራማሪ ቀረ። በ2014 የአውስትራሊያዊውን የዴኒስ ኮንደንን ከ7,500 የሚበልጡ ጥቅሎች የተረከበው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም የያዘው መንገድ ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የወረቀቱን ሙሉ ምስል ያነሣል፥ ከዚያም ፋይሉን ከምስሉ ያወጣል። የተሻለ እውቀት ሲገኝ ፋይሉ እንደ ገና ሊሠራ ይችላል።

እንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብና ልዩ መሣሪያ ይጠይቃልና ከግል ሰብሳቢ ሁሉ አይጠበቅም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆኖም የጥቅሉን ስምና ቍጥር፥ የተወሰደውን ፍጥነትና የተደረገውን እርማት ከፋይሉ ጋር መጻፍ፥ ወረቀቱንም አለመጣል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ካልተደረገ የሚመጣው ተመራማሪ የጆፕሊንን እጅ ከፋይል ሠሪው እጅ መለየት አይችልም። ፋይሉ የጥቅሉ ትርጓሜ ነው፤ ትርጓሜም የቱንም ያህል ቢያምር ንባቡን ተክቶ ሊቆም አይችልም።