ዜሮ ቢሆንስ?

ዘንድሮ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣ ወጣት የሒሳብ መምህር ሰሌዳዬን ሲያይ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ይህን ሁሉ ስቴፕ ማን ያይልዎታል?» አለኝ። እሱ የሚያስተምረው በሾርትከት ነው፦ አራቱን ምርጫዎች በየተራ እኩልታው ውስጥ መተካት፣ የሠራውን ማጥቆር። ሰዓት ላጠረው ተፈታኝ ይጠቅማል፣ አልክድም። ማስተማር ነው ሲባል ግን አልስማማም።

መስመር እንዲበዛ አልፈልግም። 3 ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር ምልክቱ መቀየሩን የ11ኛ ክፍል ተማሪ በቃሉ ቢያልፈው ግድ የለኝም። እኔ የምጣላው ሲካፈል ነው። ተማሪዎቼ በፊደል ባካፈሉ ቁጥር ከጎኑ «ዜሮ ካልሆነ» ብለው ይጽፋሉ። ያልጻፈ፣ መልሱን ቢያገኝም ሙሉ ማርክ አልሰጠውም።

ኤክስ² = 5ኤክስ ብዬ ስጽፍ ብዙው ተማሪ ሁለቱንም ጎን ለኤክስ አካፍሎ ኤክስ = 5 ይልና ያሰምርበታል። ዜሮም መልስ ነበር፤ በማካፈሉ ጠፋ። «ኤክስ ዜሮ ካልሆነ» ብሎ የጻፈ ልጅ ግን ከሆነስ ብሎ ሳይጠይቅ ማለፍ ይከብደዋል። ባልደረቦቼ፣ ሁሉን ወደ አንድ ጎን አምጥቶ ፋክተር ማውጣት ይሻላል ይሉኛል። ይሻላል። ሆኖም የማያካፍል ተማሪ እስካሁን አላየሁም፤ ስለዚህ ሲያካፍል ምን እያደረገ እንደሆነ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ስኩዌር ማድረግ ደግሞ የሌለ መልስ ይጨምራል። √(ኤክስ + 3) = ኤክስ − 3 የሚለውን ሁለቱንም ጎን ስኩዌር ብናደርግ 1 እና 6 ይወጣሉ። 6 ይሠራል። 1ን ስንተካ ግን በግራ 2፣ በቀኝ −2 ሆኖ ይቀራል። መልሶ መተካት ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው፤ ለምን እንደምንተካ የሚነግረን ግን የሠራነው ስቴፕ ነው።

12ኛ ክፍል ካልኩለስ ሲጀመር «ዜሮ ካልሆነ» የምትለው ማስታወሻ ዋጋዋ ይጨምራል። የኤክስ²ን ዴሪቬቲቭ ከትርጉሙ ተነስተን፣ የኤክስን ጭማሪ ኤች ብለን ስንሠራ፣ ላይ 2ኤክስ·ኤች + ኤች²፣ ታች ኤች ይቀራል። ኤችን ካንስል አድርገን 2ኤክስ + ኤች እናገኛለን፤ ቀጥለን ኤችን ጥለን 2ኤክስ እንላለን። አንድ መስመር ላይ ኤች ዜሮ ስላልሆነ አካፈልንበት፤ በሚቀጥለው መስመር እንደ ዜሮ ቆጥረን ጣልነው። ጆርጅ በርክሌይ የተባለው የአየርላንድ ጳጳስ በ1734 የኒውተንን ስሌት የሞገተው በዚሁ ነጥብ ነው፤ ሙግቱም እውነተኛ ነበር። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ በ1821 በመጽሐፉ ሊሚትን የካልኩለስ መሠረት አድርጎ አስቀመጠ። ሊሚት ኤች ወደ ዜሮ ሲጠጋ ውጤቱ ወዴት እንደሚጠጋ ይጠይቃል እንጂ ኤችን ዜሮ አያደርግም። «ሊም» የሚለውን ምልክት ከመስመሩ መጀመሪያ የሚያስቀር ተማሪ ለበርክሌይ የሚሰጠውን መልስ ነው የሚያስቀረው።

ከአስጠኚ ዘንድ የሎፒታልን ሕግ ሸምድደው የሚመጡም አሉ። ሳይን ኤክስ ለኤክስ ሲካፈል፣ ኤክስ ወደ ዜሮ ሲሄድ ሊሚቱ ስንት ነው ስላቸው በሎፒታል በአንዴ 1 ይላሉ። ሕጉ የላዩንና የታቹን ዴሪቬቲቭ ይጠቀማል፤ የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን መሆኑ የሚረጋገጠው ግን በዚያው ሊሚት ነው። የሚፈለገውን ነገር አስቀድሞ ተቀብሎ መነሣት ማስረጃ አይሆንም።

እንዲህ ግትር ያደረገኝ አስተዳደጌም ይመስለኛል። እኛ ባደግንበት ቤት ልጅ ታላቅን «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ድፍረት ነው። ትምህርት ቤትም ያው ነበር። 10ኛ ክፍል ያስተማሩን የሒሳብ መምህር ግን ባካፈሉ ቁጥር ቆም ብለው ወደ እኛ ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ መቀመጫ፣ «ዜሮ ቢሆንስ?» አልኩ። አልተቆጡም። የጻፉትን አጥፍተው ሁለቱን ሁኔታዎች ለየብቻ ሠሩልን። ታላቅ ሰውን ጠይቄ እንደ እኩያ ሲመለስልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሒሳብን የወደድኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ መምህር ልሁን ያልኩትም እሳቸውን አይቼ ነው።

ስለዚህ በክፍሌ አንድ ደንብ አለ። ሌላ ጥያቄ ያለው ተማሪ እጁን አውጥቶ ተራ ይጠብቃል። «ዜሮ ቢሆንስ?» የሚል ግን እጅ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ሊያቋርጠኝ ይችላል።