መጽሐፍን የሚሸከመው ማን ነው?

አንድ ልብ ወለድ ድርሰት ወደ ፊልም በተዛወረ ጊዜ ተመልካች አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ ፊልሙ መጽሐፉን መስሎአል ወይ ብሎ ነው። ያው ድርሰት ለሁለተኛ ጊዜ፥ ለቴሌቪዥን ተብሎ ሲሠራ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ ኋለኛው ሠሪ ከፊተኛው ምን ተቀበለ፥ ምንስ ጣለ? እኛም ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኢሉባቦሯ ቡሬ ተቀምጠን «ፋራናይት 451» የተባለውን የቴሌቪዥን ፊልም ካየን በኋላ፥ ይህንኑ መርምረን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የውጭውን ዓመት በአውሮፓውያን፥ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈናል።

አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ ይህን የሳይንስ ልብ ወለድ ያሳተመው በ1953 ዓ.ም. ነው። የመጽሐፉ ስም ደራሲው ወረቀት ይቀጣጠልበታል ያለው የሙቀት መጠን ሲሆን፥ እኛ በለመድነው መለኪያ 233 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሆናል። ታሪኩ ሞንታግ ስለሚባል የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይናገራል። በእርሱ አገር የእሳት አደጋ ሠራተኛ ተግባሩ እሳት ማጥፋት ሳይሆን መጻሕፍትን ከነተደበቁበት ቤት ማቃጠል ነው። ሞንታግ ግን አንድ ቀን ሊያቃጥለው ከሄደው መጽሐፍ ሰርቆ ያነብባል፤ መከራውም ከዚያ ይጀምራል።

ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ትሩፎ ይህን ድርሰት በ1966 ዓ.ም. በሲኒማ አሳየው። በፊልሙ መጀመሪያ የተዋንያኑና የሠራተኞቹ ስም በድምፅ ይነገራል እንጂ በጽሑፍ አይታይም፤ ተመልካቹም ታሪኩ ገና ሳይጀመር ፊደል የሌለበት አገር መግባቱን ያውቃል። በመጨረሻም ከከተማ የሸሹ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው፥ በረዶ በሚወርድበት ዱር ውስጥ ሲመላለሱና ሲያነበንቡ ይታያሉ። በሞት አፋፍ ያለ አንድ ሽማግሌ የያዘውን መጽሐፍ ለአንድ ልጅ ቃል በቃል ያስጠናዋል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ዳዊትን በቃሉ በሚደግምበት አገር፥ የኦሮሞ ሽማግሎች የዘር ሐረግንና የገዳን ሕግ ከአፍ ወደ ጆሮ ባስተላለፉበት ምድር፥ ሰው መጽሐፍ ይሆናል ቢሉት ማን ይደነቃል?

በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ራሚን ባህራኒ ኤችቢኦ ለተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት ያንኑ ድርሰት እንደ ገና ሠራው። ሞንታግን ማይክል ቢ ጆርዳን፥ አለቃውን ሻምበል ቢቲን ማይክል ሻነን ሆነው ተጫውተዋል። የሚያስመሰግነውን አስቀድመን እንናገር። በዚህ ፊልም መጻሕፍት ሲቃጠሉ ትዕይንቱ በከተማው ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ በቀጥታ ይታያል፥ ሕዝቡም እንደ ስፖርት ጨዋታ ይመለከተዋል፤ ይህም ለዘመናችን የተስማማ አስተያየት ነው። ሻምበል ቢቲም ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ይጽፋል፥ መልሶም ያቃጥለዋል። ሻነን በዚህ አንድ ሥራ፥ መጽሐፍ የሚያቃጥል ሰው መጽሐፍን የማያውቅ ላይሆን እንደሚችል ያለ ብዙ ንግግር አሳይቶናል።

ሆኖም ሁለት ጉድለቶች አስተውለናል። የመጀመሪያው የሞንታግ ሚስት መቅረትዋ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ይህች ሴት ሦስት ግድግዳዋን በቴሌቪዥን ሸፍና አራተኛውን የምትመኝ፥ በመስኮቱ ውስጥ የሚለፈልፉትን ሰዎች ቤተ ዘመዶቼ የምትል፥ በመጨረሻም ባሏን ለባለ ሥልጣን የምትጠቁም ናት። ብራድበሪ በእርስዋ አማካይነት ሊያስተምረን የፈለገው፥ ንባብ መጀመሪያ የሚሞተው በቤት ውስጥ እንደ ሆነና እሳቱ ኋላ እንደሚመጣ ነው። አዲሱ ፊልም ይህን ሐሳብ በንግግር ቢያነሣው እንኳ በኑሮ አያሳየውም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ይመስለናል። በቃል የያዙ ሰዎች በዚህም ፊልም አይጠፉም፤ ነገር ግን የታሪኩ ተስፋ የተጣለው በእነርሱ ላይ አይደለም። የዓለም መጻሕፍት ሁሉ በዲኤንኤ ተቀርጸው በአንዲት ወፍ አካል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሞንታግም ነፍሱን ሰጥቶ ወፊቱን ያስመልጣል። ወፊቱ ስትበር ያምራል። ነገር ግን ወፍ የተሸከመችውን አታነብም፥ አትጠራጠርበትም፥ ለልጅዋም አታወርሰውም። ትሩፎ ለሰው የሰጠውን አደራ ባህራኒ ለወፍ ሰጠው።

ይህን የምንለው ለነቀፋ ብቻ አይደለም፤ ምስክር አለንና። በዓሉ ግርማ የተወለደው በዚሁ በኢሉባቦር፥ በሱጴ ነው። የ«መነን» እና የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ ሆኖ ሠርቶአል፥ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደርሶአል። «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለዱ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ እንደ ወጣ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልቀረም። አንዱ ለአንዱ በድብቅ እያዋሰው፥ ያነበበው ላላነበበው እየተረከለት ቆየ፤ ከመንግሥት ለውጥ በኋላም እንደ ገና ታተመ። በዚያ ዘመን «ኦሮማይ»ን ያዳነው፥ በቤቱ መገኘቱ እንደሚያስቀጣው እያወቀ ገጽ የገለጠ ሰው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚያሳትመው መጽሔት ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ በዓሉም የመንግሥት ሠራተኛ ነበረና።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ የባህራኒ ፊልም ለዓይን መልካም ነው፥ ሊታይም ይገባዋል፤ ነገር ግን መጽሐፉን ሳያነብቡ ፊልሙን ብቻ ማየት ወፊቱን አይቶ የተሸከመችውን ሳያውቁ እንደ መቅረት ነው። ዛሬ በቡሬ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪቀዳ ድረስ እያንዳንዱ በእጁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሲቆይ እናያለን፤ መጽሐፋችንን የሚያቃጥል ማንም የለም። አንባቢ ሆይ፥ ያለ እሳትም መጽሐፍ ይጠፋልና ከመደርደሪያህ አንዱን አውርደህ በቡናው ሰዓት ለልጅህ አንብብለት።